ስልኬ መጽሐፌም ሱቄም ነው፤ እንዴት አድርጌ ልዝጋው?

ስልክ ጊዜያቸውን እየበላባቸው የተቸገሩ ወጣት አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበናል። «ራስህን ግዛ» የሚል ምክር እዚህ የለም፤ ጠያቂዎቹ ሁሉ ሞክረውት ነው የጻፉልን። የምንነግራችሁ በእጃችሁና በአፑ መካከል ያለውን መንገድ እንዴት እንደምታረዝሙት ነው።

ትምህርቱ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው

*ጥያቄ፦* ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሞጁሉም፣ ሃንድአውቱም፣ የድሮ ፈተናውም፣ የክፍል ማስታወቂያውም የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ላፕቶፕ የለኝም። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አነባለሁ ብዬ እቀመጥና አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ግሩፖቹን ሙዩት አድርጌያለሁ፤ አሁንም ይጮኻሉ። እንዳልወጣ ደግሞ ማስታወቂያ ያመልጠኛል። ምን ይሻላል? (ተማሪ፣ ከጅማ)

*መልስ፦* ወንድማችን፣ ሙዩት ያደረግከው ግሩፕ ለምን እንደሚጮህ እናስቀድም። ሙዩት የሚያፍነው ተራውን መልእክት ነው። ሰው በዩዘርኔምህ ሲጠራህ ወይም ለጻፍከው ነገር መልስ ሲሰጥህ ድምፁ ያልፋል። አድሚኑ መልእክት ፒን ሲያደርግም እንደዚያው። በዚያ ላይ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ግሩፕ ውስጥ ይጨምሩሃል፤ አዲሱ ግሩፕ ደግሞ ሙዩት ሆኖ አይመጣም።

ስለዚህ አንድ በአንድ ማፈኑን ተወውና ከላይ ዝጋው። ከቴሌግራም ሴቲንግ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ» ውስጥ ግባና «ግሩፕስ» እና «ቻናልስ» የሚሉትን ሁለቱንም አጥፋ። ቀጥሎ «ግሩፕስ» የሚለውን ጽሑፍ ስትነካው «አድ ኤን ኤክሴፕሽን» የሚል ታገኛለህ፤ እዚያ የክፍል ተጠሪያችሁ ማስታወቂያ የሚለጥፍበትን አንዱን ግሩፕ ብቻ አስገባ። ያ ግሩፕ ራሱ የቀልድና የስቲከር ሜዳ ከሆነ፣ ተጠሪውን አድሚን ብቻ የሚጽፍበት ቻናል እንዲከፍት ጠይቁት፤ ያን ቻናል ደግሞ «ቻናልስ» ሥር በ«ኤክሴፕሽን» አስገባው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክፍሉን በሙሉ ይገላግላል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስና ዝቅ በል፤ «ኮንታክት ጆይንድ ቴሌግራም» እና «ፒንድ ሜሴጅስ» የሚሉትን አጥፋ። «ባጅ ካውንተር» ሥር ደግሞ «ኢንክሉድ ሙዩትድ ቻትስ» የሚል አለ፤ እሱንም። አፑ ላይ 1,284 የሚል ቁጥር ተለጥፎ እያየ ሳይነካው የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው።

የቀሩትን ግሩፖች አርካይቭ አድርጋቸው። ሙዩት ሆኖ አርካይቭ የተደረገ ቻት መልእክት ቢመጣበትም እዚያው ይቀመጣል፤ ሙዩት ያልሆነው ግን አዲስ መልእክት ሲመጣ ወደ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ብዙ ሰው «አርካይቭ አይሠራም» የሚለው ይህችን ስለሚረሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፒዲኤፉ። ፋይሉን ከቴሌግራም ውስጥ ከፍተህ የምታነብ ከሆነ ከቻቶቹ የሚለይህ አንድ የ«ተመለስ» ንክኪ ነው። ስለዚህ ንባብና ማውረድ በአንድ ሰዓት አይሁኑ። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ለማታው የሚያስፈልጉህን ፋይሎች አውርድ፤ ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተህ «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» በል። ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ቴሌግራም የስልክህን ቦታ ለመቆጠብ የቆዩ ፋይሎችን ከካሹ (ከጊዜያዊ ማከማቻው) ሊያጠፋ ይችላል፤ ዳውንሎድስ ውስጥ የገባውን ግን አይነካውም። ማታ ስትቀመጥ ዳታውን ዘግተህ ፋይሉን በፒዲኤፍ ማንበቢያ ክፈተው። ቤተሰብ ሊደውል ይችላል ካልክ ኤርፕሌን ሞድ አታድርገው፤ ዳታና ዋይፋይ መዝጋቱ ይበቃል።

እያነበብክ «ይቺን ቃል ጎግል ላድርጋት» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ለእሱ ወረቀት አዘጋጅ። የምትፈልገውን ጻፍና ንባብህን ቀጥል፤ ሁሉንም በመጨረሻ አንድ ላይ ትፈልጋቸዋለህ። ሲጨርሱ ማየት እንደሚቻለው ከተጻፉት ግማሾቹ ፍለጋም አያስፈልጋቸውም፤ መልሳቸው ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር።

የሰዓቱን ነገር ለመጀመሪያው ሳምንት በ25 ደቂቃ ንባብና በ5 ደቂቃ ዕረፍት ጀምረው፤ ከዚያ ንባቡን ወደ 40 አሳድገው። ዕረፍቱ ላይ ስልኩን አትንካ። ተነስ፣ ውኃ ጠጣ፣ ኮሪደር ላይ ተንጎራደድ። በአምስት ደቂቃ ተጀምሮ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ የቪዲዮ ስክሮል የለም።

የአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚባል ክፍል አለ። እዚያ «ፎከስ ሞድ» ላይ የሚያዘናጉህን አፖች መርጠህ ሰዓት ስትሞላለት በዚያ ሰዓት አይከፈቱም፤ ኖቲፊኬሽናቸውም ይታፈናል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳታት ነገር አለች። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። «ከምሽቱ 2 እስከ 5» ብለህ 2:00 ፒኤም ብትሞላ፣ ስልኩ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ክፍል ውስጥ ሳለህ ዝም ይልና ማታ እንደ ልቡ ይጮኻል። ለአንተ ትክክለኛው 8:00 ፒኤም እስከ 11:00 ፒኤም ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሁሉንም ነገር ጠርቅመህ አትዝጋ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ኖቲፊኬሽን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ተጠራቅሞ የሚደርሳቸውን ሰዎች ጨርሶ ከተዘጋባቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሦስት ጊዜ የደረሳቸው ትኩረታቸውም ስሜታቸውም ተሻሻለ፤ ጨርሶ የተዘጋባቸው ግን «ምን አምልጦኝ ይሆን» በሚል ጭንቀት ተያዙ። ስለዚህ አርካይቩን የምታይበት ቋሚ ሰዓት ይኑርህ፤ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ከንባብ በኋላ።

ለደንበኛ ልመልስ ገብቼ

*ጥያቄ፦* እንደምን ናችሁ? በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ የሴቶች ጫማ እሸጣለሁ። ስልኬ ሱቄ ስለሆነ ልዘጋው አልችልም። ለአንዲት ደንበኛ ዋጋ ልነግር እገባና ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰው ሠርግ እያየሁ ራሴን አገኘዋለሁ። ማታ ስቆጥር የሸጥኩት ሁለት ጫማ፣ የጨረስኩት የቀኑን ዳታ። (ባለ ጫማዋ፣ ከአዲስ አበባ)

*መልስ፦* እህታችን፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ስልኩ ላይ ሳይሆን ፖስትሽ ላይ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ትያለሽ? ከሆነ ስልክሽን በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚያስከፍትሽ ራስሽ ነሽ። ነጋዴ ዋጋ የሚደብቅበት ምክንያት ይገባናል፤ ተፎካካሪ እንዳያይ፣ ደንበኛም ገብታ እንድትከራከር ነው። ነገር ግን ዋጋ ብቻ ጠይቃ የምትጠፋዋ ሁሉ ከሥራሽ ደቂቃ ትወስዳለች። እያንዳንዱ ፖስት ላይ ዋጋውን፣ የቀሩትን ቁጥሮች (37፣ 38፣ 40 ብለሽ)፣ ዴሊቨሪ የት የት እንዳለና ስንት እንደሆነ፣ ስልክ ቁጥርሽንም ጻፊ። ያለቀውን ፖስት ኤዲት አድርገሽ «ተሽጧል» በዪበት። የቆየ ፖስት ሳይታረም ሲቀር በየቀኑ «አለ?» የሚል መልእክት ያመጣል።

የቀሩት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወይም ከሰባት አይበልጡም፦ አድራሻ፣ መቀየር ይቻላል ወይ፣ በቴሌብር መክፈል ይቻላል ወይ፣ ክፍለ ሀገር ትልካላችሁ ወይ። ለእያንዳንዱ መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ጽፈሽ አስቀምጪ። ዋትስአፕ ቢዝነስ «ኩዊክ ሪፕላይ» የሚባለውን በነጻ ይሰጣል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ተመሳሳዩ ለፕሪሚየም ከፋዮች ነው። ካልከፈልሽ መልሶቹን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ አስቀምጠሽ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ጂቦርድ ኪቦርድ ካለሽ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ያለው «ዲክሽነሪ» አጭር ምልክት ከረጅም ጽሑፍ ጋር እንድታያይዢ ይፈቅድልሻል፤ «አድ» ስትዪ ሙሉ አድራሻሽ ሊወጣልሽ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ስልክ መለየት ነው። ሻርጅ የሚይዝ አሮጌ ስልክ ቤት ውስጥ አይጠፋም። የሱቁን ሲም፣ የሱቁን ቴሌግራምና ጥሪ እሱ ላይ አድርጊና ሌላ ምንም አትጫኚበት። ሁለት አካውንት በአንድ ቴሌግራም ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ለዚህ ችግር አይረዳም፤ አንዱን ልታዪ ስትገቢ የሌላው ቁጥር እዚያው ይታይሻል።

ቲክቶክ ላይ ሻጭ እንጂ ተመልካች ሆነሽ የምትገቢበት መንገድ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ብርሃን ጥሩ ሲሆን፣ አምስት ስድስት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቅረጪና ድራፍት ላይ አስቀምጪ። ኮምፒውተር የምታገኚ ከሆነ ቲክቶክን በብራውዘር ከፍተሽ፣ ቪዲዮዎቹን እዚያ ጭነሽ፣ የሚለቀቁበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመሽ መሙላት ትችያለሽ፤ ያኔ አፑን መክፈትም ቀረ። አፑ ውስጥ ደግሞ «ስክሪን ታይም» የሚል አለ፤ በቀን 40 ደቂቃ ብለሽ ሙዪው። ጊዜው ሲያልቅ ለመቀጠል የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። አፑ ቁጥሩን እንድትመርጪ ከፈቀደልሽ እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ትሙላው። አንቺ የምታውቂው ቁጥር ገደብ አይባልም።

የመልስ ሰዓትም ወስኚና ቻናሉ መግለጫ ላይ ጻፊው፤ ከረፋዱ 4 እስከ 5፣ ከቀኑ 9 እስከ 10፣ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ለምሳሌ። ደንበኛ ይሸሻል ብለሽ አትስጊ። ሊገዛ የቆረጠ ሰው ይደውላል፤ ስለዚህ የጥሪው ድምፅ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ጥቁርና ነጭ

*ጥያቄ፦* ስልክን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ሱስ ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው? (ኤም፣ ከባሕር ዳር)

*መልስ፦* ለፎቶና ለቪዲዮ ይሠራል፤ የሠርግ ልብስና የምግብ ቪዲዮ አመድ ሲመስል ያሰለቻል። ዋና ችግርህ ጽሑፍ ማንበብና ቻት ከሆነ ምንም አይለውጥም። አንድሮይድ ላይ «አክሰሰቢሊቲ» ውስጥ «ከለር ኮሬክሽን» ገብተህ «ግሬይስኬል» በል። አይፎን ላይ እዚያው «አክሰሰቢሊቲ» ውስጥ «ዲስፕሌይ ኤንድ ቴክስት ሳይዝ» ከዚያ «ከለር ፊልተርስ» ነው። ቀኑን ሙሉ ስታደርገው ካርታና ፎቶ ያስቸግርህና በሦስተኛው ቀን ታጠፋዋለህ። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ «ቤድታይም ሞድ» ላይ አያይዘውና ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በራሱ ይጥቆር።

አገር ቤት ሲነጋ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ

*ጥያቄ፦* ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ቀን እሠራለሁ፣ ማታ የነርሲንግ ትምህርት እማራለሁ። እናቴ ስላመማት ስልኬን ዘግቼ መተኛት አልችልም። ግን የቤተሰብ ግሩፑ ሌሊት ሙሉ ይንጫጫል። አንዴ ከነቃሁ ደግሞ ፌስቡክ ውስጥ ገብቼ ይነጋል። (ሀ.፣ ከቨርጂኒያ)

*መልስ፦* እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ከማርች እስከ ኖቬምበር ከሌሊቱ 2:00 ኤኤም፣ በቀሩት ወራት 1:00 ኤኤም ነው። ሰዎችሽ ቡና አፍልተው ግሩፑ የሚሞቀው አንቺ ከባዱ እንቅልፍ ላይ ሳለሽ ነው ማለት ነው። አሜሪካ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ስትቀይር አገር ቤት ያለው ሰው አያስታውስም፤ በነዚያ ሳምንታት ለቤተሰብ አስታውሻቸው።

አይፎን ከሆነ «ፎከስ» ውስጥ «ስሊፕ» የሚለውን በእንቅልፍ ሰዓትሽ ሙዪ። እንዲያልፉ የምትፈቅጂላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ እናትሽ ጋ ያለው ሰውና አንድ ተጠባባቂ። ሃያ ሰው ከፈቀድሽ አልዘጋሽም። «ሪፒትድ ኮልስ» የሚለውን ክፍት አድርጊው፤ ያው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ድምፁ ያልፋል። አንድሮይድ ላይ ይህ 15 ደቂቃ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ጉድ ያደርጉሻል። ይህ የተደጋጋሚ ጥሪ ነገር በዋናነት ለመደበኛ የስልክ ጥሪ የተሠራ ነው፤ በኢሞ ወይም በቫይበር የተደወለው ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከወንድምሽ ወይም ከእህትሽ ጋር ተነጋገሩ፦ የምር ጉዳይ ከሆነ በመደበኛ መስመር ሁለት ጊዜ ሚስድ ኮል፤ ሌላው ሁሉ በድምፅ መልእክት። ከዚያ አንድ ቀን ቀድማችሁ ፎከሱ በርቶ ሞክሩት። ሁለተኛው፣ «ሳይለንስ አንኖውን ኮለርስ» የሚለውን አታብሪ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጥሪ አንዳንዴ በማታውቂው ቁጥር ስለሚታይ ሳይጮህ ወደ ቮይስሜል ይሄድብሻል።

ከነቃሽ በኋላ ለሚመጣው ፌስቡክ ደግሞ ስልኩ ከአልጋው በእጅ የማይደረስበት ቦታ ይሁን፤ ከፍ ባለ ድምፅ፣ በክፍሉ ሌላ ጫፍ ሶኬት ላይ። ጥሪውን ለመስማት ራስጌ መሆን አያስፈልገውም። «ስክሪን ታይም» ላይ ገደብ ስትሞዪ የክፍል ጓደኛሽ ፓስኮድ ትሙላልሽ፤ «ብሎክ አት ኤንድ ኦፍ ሊሚት» መብራቱንም እዪ። እሱ ካልበራ «ኢግኖር ሊሚት» የሚለውን ነክተሽ ማለፍ ትችያለሽ። ፓስኮዱ ሲሞላ ስልኩ ለማስታወሻ የአፕል አካውንት ይጠይቃል፤ የራስሽን ከሰጠሽው በደቂቃ ትሽሪዋለሽ። ካልሰጠሽው ደግሞ ጓደኛሽ ቤት ስትቀይር እንዳትቸገሪ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ታስቀምጥልሽ።

እሑድ አጠፋዋለሁ፣ ማክሰኞ እመልሰዋለሁ

*ጥያቄ፦* ቢሮ ነው የምሠራው። ቲክቶክን ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ገደብም ሞከርኩ፤ በቀን 30 ደቂቃ ብዬ፣ ሲያልቅ እጨምራለሁ። ሌሊት ደግሞ የሌሊት ጥቅል ስላለኝ ጭራሽ አይቆምም። (ቢ.፣ ከሐዋሳ)

*መልስ፦* አፑን ስታጠፋው አካውንትህ አይጠፋም። ማክሰኞ ስትመልሰው ምን እንደምትወድ የሚያውቀው ገጽ እንደተወከው ይጠብቅሃል። እሑድና ማክሰኞ መካከል ምን እንደሆነም አስተውል፤ አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ስለቀረ ሾርትስና ሪልስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ «ያው ነው» ብሎ ቲክቶኩን ይመልሳል። ዩቲዩብ ላይ «ዋች ሂስትሪ» የሚለውን አጥፍተህ የቆየውንም ብታጸዳው የመነሻ ገጹ ባዶ ይሆናል። ፈልገህ ማየት ትችላለህ፤ የሚቀርብልህ ነገር ግን የለም። የሾርትስ ትሩ ግን ሊቆይ ይችላል፤ እሱን አትንካው።

የ30 ደቂቃው ገደብ ሌላ ቀዳዳ አለው። የአንድሮይድ የአፕ ገደብ እንደ አዲስ የሚጀምረው በፈረንጁ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የጨረስከው 30 ደቂቃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉ ሆኖ ይመለስልሃል፤ ያውም ጥቅሉ ባለበት፣ ማንም በማያይህ ሰዓት። ስለዚህ ለአንተ የሚሠራው የደቂቃ ገደብ አይደለም። ፎከስ ሞዱን ከ10:00 ፒኤም እስከ 7:00 ኤኤም ሙላው። የሌሊት ጥቅሉን መግዛትህንም አቁም። ርካሽ ነው የምትለው ጥቅል ጠዋት ቢሮ ላይ በእንቅልፍ ነው የሚከፈለው። ማውረድ የምትፈልገው ነገር ካለ ቀን አውርደው።

ለቢሮው ሰዓት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠህ አታስቀምጠው፤ መሳቢያ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይግባ። በ2017 ኦስቲን ቴክሳስ ላይ የተሠራ ጥናት ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ድምፁ ተዘግቶም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ፈተና እንደሠሩ አሳይቶ ነበር። በኋላ ከደገሙት መካከል ያንን ውጤት ያላገኙ አሉ፤ ግን መሳቢያ ወጪ የለውም። ቤት ደግሞ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። «ለአላርም ነው» ብሎ ስልክ ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው፣ አላርሙን ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚያየው ኖቲፊኬሽን ነው።

መዝጊያ አፑ ራሱ ይዘጋል

*ጥያቄ፦* አፕብሎክ የሚባል የአፕ መዝጊያ ጫንኩ፤ አንድ ቀን ሠርቶ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር ተከፈተ። ስልኬ ቴክኖ ነው። (ከአዳማ)

*መልስ፦* አፑ አልተበላሸም። ስልክህ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ይዘጋል፤ መዝጊያውንም አብሮ ዘጋው ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» ገብተህ አፕብሎክን ምረጥ፣ «ባተሪ» የሚለውን «አንረስትሪክትድ» አድርገው። ክፍት አፖች የሚታዩበት ገጽ ላይ የቁልፍ ምልክት ካለ ቆልፈው። ባትሪና ሜሞሪ «የሚያጸዳው» አፕ ላይ አውቶማቲኩን ማጽጃ አጥፋ። «አክሰሰቢሊቲ» ፈቃዱም ተነስቶ ከሆነ መልሰህ አብራው፤ ስልኩን አጥፍተህ አብራና ከአሥር ደቂቃ በኋላ የተዘጋውን አፕ ለመክፈት ሞክር። ከተከፈተ ከአራቱ አንዱ ቀርቷል።